አንድ ሰረዝ ለሦስት ሥራ፦ «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» የተባለው የአካል ስያሜ የቀለም አከፋፈልና አነባበብ

1. መነሻ

ራስ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲዞር በአንገት ጎን ከቆዳ ሥር ተገትሮ የሚታይ ጡንቻ አለ። ታችኛው ጫፉ ሁለት ራስ አለው፤ አንዱ ከደረት አጥንት የላይኛው ክፍል፣ ሌላው ከክላቪክል፣ ማለትም ከአንገት በታች በአግድም ከተዘረጋው አጥንት የውስጠኛ ጫፍ ይነሣል። ሽቅብ ሄዶ የሚያርፈው ደግሞ ከጆሮ ጀርባ በጣት ሲዳሰስ በሚገኘውና ማስቶይድ በሚባለው የአጥንት ጉብታ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ጡንቻ «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» ይለዋል።

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ተማሪው ይህን ስያሜ ማወቅ ብቻ ሳይሆን በመምህሩና በፈታኙ ፊት ጮክ ብሎ መጥራት ይጠበቅበታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስያሜው ረጅም ስለሆነ ይከፋፈላል፤ የሚከፋፈለውም አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚያሳየውን ክፍፍል ወደ ፊደል በመገልበጥ፣ «ስተር-ኖ-ክላይ-ዶ-ማስ-ቶይድ» ተብሎ ነው። አከፋፈሉ ለእንግሊዝኛው ትክክል ነው። ፊደሎቹም ትክክል ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ውጤቱ እንግሊዝኛም አማርኛም ያልሆነ አነባበብ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ትችት የሚያነጣጥረው በዚህ ልማድ ላይ ነው። በስያሜው መካከል የሚገባው ሰረዝ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ተፈርዶበታል፤ ምዕላድን ይለያል፣ ቀለምን ይለያል፣ የንባብ ማረፊያንም ያሳያል። ሦስቱ በአንድ ቦታ የማይገናኙበት ስያሜ ሲመጣ ሰረዙ ረዳት መሆኑ ቀርቶ የስሕተት ምንጭ ይሆናል። ከታች «ቀለም» የሚለው ቃል በሥነ ድምፅ በያዘው ትርጉሙ፣ አንድ አናባቢ እንደ እምብርት ይዞ በአንድ ግፊት ለሚወጣ የድምፅ ክፍል ያገለግላል። ከእምብርቱ የሚቀድመው ተነባቢ መነሻ፣ የሚከተለው መዝጊያ ይባላል። በምሳሌዎች ውስጥ ሳድስ ፊደል አናባቢው በግልጽ ሲሰማ «(እ)» ይጨመርበታል፤ የቀለም ወሰን በነጥብ ይታያል።

2. የመዝገበ ቃላቱ ክፍፍል ምን ይናገራል?

የእንግሊዝኛ ቃላትን በቀለም መክፈል በራሱ በእንግሊዝኛ ሊቃውንት ዘንድ እልባት ያገኘ ጉዳይ አይደለም። ክርክሩም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው የፊደል መማሪያ መጽሐፍ፣ ከእርሱ በፊት ሲሠራበት የቆየውን የቶማስ ዲልዎርዝን አከፋፈል ነቅፏል። ዲልዎርዝ «ክላስተር» የሚለውን ቃል ሁለቱን ተነባቢዎች ወደ ሁለተኛው ቀለም አዙሮ «ክላ·ስተር» ሲል፣ ዌብስተር «ክላስ·ተር» መባል አለበት አለ። ምክንያቱም የንባብ ነው፤ በእንግሊዝኛ አጽንዖት ያረፈበት አጭር አናባቢ ቀለሙን ሳይዘጋ አይቀርም፤ ክፍት ሆኖ ከተጻፈ ልጁ አናባቢውን አስረዝሞ ያነበዋል።

ይህ የሁለት መቶ ዓመት ክርክር በቀጥታ «ማስቶይድ» ላይ ይደርሳል። በዲልዎርዝ መንገድ «ማ·ስቶይድ»፣ በዌብስተር መንገድ «ማስ·ቶይድ» ይሆናል። የዘመናችን ሥነ ድምፅ ክርክሩን አሰፋው እንጂ አልዘጋውም። በአንድ በኩል ተነባቢዎች የቋንቋው ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ለሚከተለው ቀለም መነሻ ይሁኑ የሚል መርሕ አለ። ዳንኤል ካን እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ አንድ ተነባቢ በአንድ ጊዜ የሁለት ቀለሞች ሊሆን እንደሚችል ተከራክሯል። ጆን ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ተነባቢው ከጎኑ ካሉት ሁለት ቀለሞች መካከል አጽንዖቱ ወደሚበረታው ይሄዳል የሚል መርሕ አቅርቦ፣ በዚያው ዓመት በወጣው የአነባበብ መዝገበ ቃላቱ ሠርቶበታል። በዌልስ መርሕ ብንሄድ ስያሜያችን «ስተርን·ኦ·ክላይድ·ኦ·ማስት·ኦይድ» ወደሚል ክፍፍል ያዘነብላል።

እነዚህ ሊቃውንት የሚከራከሩት ስለ ጌጥ አይደለም። የቀለም ወሰን በእንግሊዝኛ በጆሮ የሚለይ ውጤት አለው። «ሚስቴክ» (ስሕተት) እና «ሚስታይም» (ያለ ጊዜው ማድረግ) የሚሉት ቃላት ሁለቱም «ስ» እና «ት»ን አከታትለው ይዘዋል። በመጀመሪያው «ት» ያለ ትንፋሽ ግፊት ይነገራል፤ በሁለተኛው ግን ትንፋሽ ያጅበዋል፤ ምክንያቱም ተናጋሪው በሁለተኛው ቃል ምዕላዱን ስለሚያውቀው «ት»ን የአዲስ ቀለም መነሻ ያደርገዋል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የቀለም ወሰን በወረቀት ላይ ያለ መስመር ሳይሆን በአፍ የሚሠራ ነገር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ቀላል ነው። በመዝገበ ቃላት ዋና ቃል ላይ የሚታየው ነጥብ በብዙ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚያገለግለው ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲደርስ የት ሊቆረጥ እንደሚችል ለማሳየት ነው። አነባበቡ በቅንፍ ወይም በዘንባባ መስመር መካከል ለብቻው ይሰጣል። የአታሚን መቁረጫ ምልክት እንደ አንባቢ መመሪያ ወስዶ ወደ ፊደል ማዛወር የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

3. ስያሜው ከምን ተሠራ?

ስያሜው የጡንቻውን ማያያዣ ቦታዎች በቅደም ተከተል ይቆጥራል። «ስተርኖ» ደረት ወይም የደረት አጥንት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። «ክላይዶ» በግሪክ ቁልፍ ከሚለው ቃል ይወጣል፤ «ክላቪክል» የሚለው የላቲን ስያሜም «ትንሽ ቁልፍ» ማለት ስለሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች ለአንድ አጥንት አንድ ምስል ተጠቅመዋል። «ማስቶይድ» ጡት የሚል ትርጉም ካለው «ማስቶስ» እና መልክ ከሚለው «ኤይዶስ» የተገጣጠመ ነው፤ ጡት መሰል ጉብታ ማለት ነው። ስለዚህ በምዕላድ ሲከፈል የመጨረሻው ክፍል «ማስት + ኦይድ» ነው እንጂ «ማስ + ቶይድ» አይደለም። በምዕላድና በተለመደው የቀለም አከፋፈል መካከል የመጀመሪያው ግጭት ይህ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ «ክላይዶ» ውስጥ ያለው አናባቢ ነው። እንግሊዝኛ በአጻጻፉ ኢ እና አይ የሚባሉትን ፊደላት አከታትሎ ያስቀምጣል። ይህንኑ ጥምረት በዘወትር ቃላት ውስጥ «ኤይ» ብሎ ያነበበ ተማሪ እዚህም «ክሌይዶ» ቢል አይደንቅም። ከግሪክ በመጡ የሳይንስ ቃላት ውስጥ ግን የእንግሊዝኛው ልማድ «አይ» ነው፤ «ካላይዶስኮፕ»፣ «ሳይዝሚክ» እና «ፕላይስቶሲን» ምስክር ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በ«ካላይዶስኮፕ» ውስጥ ያለው «አይድ» መልክ የሚለው ምዕላድ ሲሆን፣ በ«ክላይዶ» ውስጥ ያለው «አይድ» የቁልፍ ስም አካል መሆኑ ነው። በስያሜያችን ውስጥ መልክ የሚለው ምዕላድ የሚገኘው መጨረሻ ላይ፣ «ኦይድ» ሆኖ ነው። ሁለቱ በድምፅ ቢቀራረቡም ዘመድ አይደሉም።

ዓለም አቀፉ የላቲን ስያሜ ለንጽጽር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ የአናቶሚ ስያሜዎች ዝርዝር ጡንቻውን የሚጠራው በላቲን ሙሉ ስሙ ሲሆን፣ የስሙ መጨረሻ «ማስ·ቶ·ኢ·ዴ·ኡስ» ነው። ላቲኑ «ኦ»ን እና «ኢ»ን በሁለት ቀለም ያነባል፤ እንግሊዝኛ በአንድ ጥምር አናባቢ ያጣምራቸዋል። በጠቅላላው ላቲኑ ዘጠኝ ቀለም ሲኖረው እንግሊዝኛው ስድስት ብቻ አለው። «ቶኢድ» ብሎ የሚጽፍ አማርኛ ጸሐፊ የላቲኑን ቀለም፣ «ቶይድ» የሚል የእንግሊዝኛውን ይከተላል። ሁለቱም መሠረት አላቸው፤ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ማደባለቅ ግን መሠረት የለውም።

4. የእንግሊዝኛው ምት

እንግሊዝኛው ስድስት ቀለም አለው። አጽንዖቱ የሚያርፈው በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ላይ ነው፤ ከሦስቱም የሚበረታው አምስተኛው «ማስ» ነው። ሁለተኛውና አራተኛው ደካሞች ናቸው፤ እንዲያውም አራተኛው «ዶ» በፈጣን ንግግር አናባቢው ደብዝዞ ሊሰማ ይችላል። ስድስተኛው «ቶይድ» ሙሉ አናባቢውን ቢጠብቅም ከ«ማስ» ያነሰ ነው። ስለዚህ ስያሜው የሚሄደው በስድስት እርምጃ ሳይሆን በሦስት ጥንድ ነው፤ «ስተርኖ» አንድ፣ «ክላይዶ» ሁለት፣ «ማስቶይድ» ሦስት። እያንዳንዱ ጥንድ ብርቱ ጀምሮ በደካማ ያበቃል።

እነዚህ ሦስት ጥንዶች ከሦስቱ የትርጉም ክፍሎች ጋር በትክክል ይገጥማሉ። የቀለም ወሰንና የምዕላድ ወሰን በ«ማስቶይድ» ውስጥ ሲጣሉ፣ የምት ወሰንና የትርጉም ወሰን ግን በታላላቆቹ መጋጠሚያዎች ሁሉ ይስማማሉ። ስድስቱን ቀለማት እኩል የሚያሳይ ሰረዝ የሚሰውረው ይህንን ዋና ነገር ነው። ስድስት እኩል እርምጃ ያየ አንባቢ ስድስት እኩል እርምጃ ይራመዳል፤ እንግሊዝኛ ሰሚው የሚጠብቀው ግን ሦስት ነው።

5. በአማርኛ አንደበት

የአማርኛ ቀለም በመነሻው ከአንድ ተነባቢ በላይ አይሸከምም። በመዝጊያው ግን በቃል መጨረሻ ላይ ሁለት ተነባቢ ሊሸከም ይችላል፤ «ሰይፍ» እና «ዐይን» እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ናቸው። ተነባቢዎች ከዚህ በላይ ሲከማቹ ሰርጎ ገብ የሆነው የሳድስ አናባቢ ይገባና ክምችቱን ያላቅቃል። ይህ አናባቢ ከመሠረቱ በቃሉ ውስጥ ያለ ነው ወይስ ኋላ የሚገባ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ሲሆን፣ ሪቻርድ ሄይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚሁ አናባቢ ራሱን የቻለ ጥናት አውሎለታል። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሚበቃው አናባቢው በአብዛኛው ከቦታ አንጻር ሊተነበይ መቻሉ ነው።

በውሰት ቃላት መጀመሪያ ላይ ሰርጎ ገቡ የሚቆምበት ቦታ እንደ ተነባቢዎቹ ዓይነት ይለያያል። «ስ» ሌላ ተነባቢ ሲከተለው አናባቢው ከፊት የመቅደም ዝንባሌ አለው፤ «እስክሪብቶ» እና «እስፒል» በአጻጻፍ ሳይቀር እንዲህ ጸንተዋል፤ «ስፖርት»ም በብዙዎች አንደበት «እስፖርት» ነው። ፈንጂ ወይም ሌላ ተነባቢ «ል»ን ወይም «ር»ን ሲያስከትል ግን አናባቢው መሐል ይገባል፤ «ክሊኒክ»፣ «ፕላስቲክ»፣ «ፍሬን» እና «ብሎኬት» ሲነገሩ «ክ(እ)·ሊ·ኒክ»፣ «ፍ(እ)·ሬን» ይሆናሉ እንጂ «እክሊኒክ» ወይም «እፍሬን» አይባሉም። ስያሜያችን ሁለቱንም ዓይነት ክምችት ይዟል፤ «ስተ» በመጀመሪያው፣ «ክላ» በመካከሉ።

የመጀመሪያው ክምችት «እስ·ተር» ወይም «ስ(እ)·ተር» ሆኖ አንድ ቀለም ይጨምራል። መካከለኛው ግን በተፈጥሮ ንባብ ምንም አይጨምርም። «ክ» ከፊቱ «ኖ» የሚል ክፍት ቀለም ስላገኘ የእርሱ መዝጊያ ይሆናል፤ «ኖክ·ላይ»። ይህ በአማርኛ የዘወትር ሥራ ነው፤ «አክሊል» ሲነበብ «አክ·ሊል» እንደሚሆነው፣ «አስተማሪ»ም «አስ·ተ·ማ·ሪ» እንደሚሆነው ሁሉ። ስለዚህ ሰረዝ ያልገባበትን «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ትንፋሽ ሲያነብ የሚወጣው «እስ·ተር·ኖክ·ላይ·ዶ·ማስ·ቶይድ» ነው፤ ሰባት ቀለም።

ከፊት የገባው «እ» የስያሜው አካል አለመሆኑ ደግሞ በቀላል መንገድ ይፈተናል። «የ» ሲቀድመው «የስ·ተር·ኖክ·ላይ·ዶ·ማስ·ቶይድ» ይሆናል፤ አሁንም ሰባት። አንድ ቃል ተጨምሮ አንድ ቀለም አልተጨመረም፤ ምክንያቱም የ«የ» አናባቢ የሰርጎ ገቡን ቦታ ስለያዘ እርሱ ጠፍቷል። በራሱ በአማርኛ ቃል በ«ስጦታ»ም ይኸው ይታያል፤ «ስ(እ)·ጦ·ታ» ሦስት ቀለም ነው፣ «የስ·ጦ·ታ»ም ሦስት ነው። እንግዲህ ተማሪው በስያሜው መጀመሪያ የሚያሰማው «እ» ከስንፍና ወይም ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ቋንቋው ለባዶ ቦታ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

አሁን ሰረዙ ይግባ። «ስተር-ኖ-ክላይ-ዶ-ማስ-ቶይድ» የሚለውን መመሪያ የሚያነብ ተማሪ «ኖ» ላይ ያቆማል፤ «ክላይ»ን እንደ አዲስ ቃል ይጀምራል። አማርኛው በመነሻ ሁለት ተነባቢ ስለማይሸከም «ክሊኒክ»ን እንደሚያነበው «ክ(እ)·ላይ» ይላል። ውጤቱ «እስ·ተር·ኖ·ክ(እ)·ላይ·ዶ·ማስ·ቶይድ» ነው፤ ስምንት ቀለም። ሰረዙ ባይኖር ኖሮ ስምንተኛው ቀለም ባልተፈጠረ ነበር። ለማቅለል የገባው ምልክት ቃሉን አስረዘመው።

ጉዳቱ በቁጥር ብቻ አይወሰንም። በሰባቱ ቀለም ንባብ ብርቱዎቹ «ተር»፣ «ላይ» እና «ማስ» በየአንድ ቀለም ልዩነት ይመጣሉ፤ ደካማ፣ ብርቱ፣ ደካማ፣ ብርቱ እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። የፊተኛው «እ» ከምቱ ውጭ እንደ መንደርደሪያ ይሆናል እንጂ ምቱን አይሰብርም። በስምንቱ ቀለም ንባብ ግን «ኖ» እና «ክ(እ)» የሚባሉ ሁለት ደካሞች ተከታትለው ስለሚቆሙ ጥንዱ ይፈርሳል። እንግሊዝኛ ሰሚ ረጅም ቃልን በአጽንዖቱ አደራደር እንደሚለይ ከታወቀ፣ ስምንተኛው ቀለም ከሰባተኛው ይልቅ ጎጂ ነው።

እርግጥ «ኖክ·ላይ» ከእንግሊዝኛው ፍጹም አይገጥምም። እንግሊዝኛው «ክ»ን ለብርቱው ቀለም መነሻ ስለሚያደርገው «ክ» በትንፋሽ ይታጀባል፤ ተከታዩ «ል»ም ድምፁን በከፊል ያጣል። አማርኛ ተናጋሪው ይህን ላያሰማ ይችላል። ይሁን እንጂ ምርጫው ፍጹም በሆነና ባልሆነ መካከል አይደለም፤ ወሰኑን ጠብቆ ምቱን በሚያፈርስና ምቱን ጠብቆ ወሰኑን በሚያሸጋሽግ መካከል ነው። ሁለተኛው ይሻላል።

6. ፊደሉ የሚያውቀው

ፊደል ለእንደዚህ ያለ ሥራ አይመችም የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። የስያሜው አጻጻፍ ግን ሌላ ይመሰክራል። «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» በአሥራ ሦስት ፊደል ይጻፋል። ከእነዚህ ሰባቱ ሳድስ ናቸው፤ «ስ»፣ «ር»፣ «ክ»፣ «ይ»፣ «ስ»፣ «ይ» እና «ድ»። የቀሩት ስድስቱ «ተ»፣ «ኖ»፣ «ላ»፣ «ዶ»፣ «ማ» እና «ቶ» ናቸው። እንግሊዝኛውም ስድስት ቀለም ነው። ሳድስ ያልሆነ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ እንግሊዝኛ ቀለም እምብርት ተሸክሟል፤ አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም።

ይህ የአጋጣሚ ነገር እንዳልሆነ የዘመዶቹ ስያሜዎች ያሳያሉ። «ስተርኖሃዮይድ» እና «ስተርኖታይሮይድ» በእንግሊዝኛ አራት አራት ቀለም ናቸው፤ ሳድስ ያልሆኑ ፊደላቸውም አራት አራት ነው። «ስተርኖክላቪኩላር» ስድስት ቀለም ነው፤ «ተ»፣ «ኖ»፣ «ላ»፣ «ቪ»፣ «ኩ» እና «ላ» ስድስት ናቸው። ስለዚህ ሰረዝ ሳያስፈልግ «ሳድሱን አሳልፍ፣ የቀረውን ቁጠር» የሚል አንድ መመሪያ የእንግሊዝኛውን የቀለም ቁጥር ሊያስገኝ ይችላል።

መመሪያው የሚሠራው ግን አጻጻፉ ሲጠነቀቅ ብቻ ነው። «ስተርኖ» ፈንታ «ስትርኖ» ብሎ የጻፈ ሰው የመጀመሪያውን እምብርት በሳድስ ሰውሮታል፤ ቆጠራውም አምስት ይሆናል። የእንግሊዝኛው ቀለም እምብርት አናባቢ ሳይሆን ተነባቢ ሲሆንም መመሪያው ይከሽፋል። «ክላቪክል» በእንግሊዝኛ ሦስት ቀለም ነው፤ ሳድስ ያልሆኑት «ላ» እና «ቪ» ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም የመጨረሻውን ቀለም እምብርት ሆኖ የሚሸከመው «ል» ነው። መመሪያው ወሰን እንዳለው አውቆ መጠቀም፣ ወሰን የሌለው መስሎ ከሚታይ ሰረዝ የተሻለ ነው። ከዚህ የሚወጣው የአጻጻፍ ምክርም ግልጽ ነው፤ በእንግሊዝኛው ሙሉ ቀለም የሆነውን አናባቢ በሳድስ አለመጻፍ።

ፊደሉ የማያሳየው አጽንዖትን ነው። በአማርኛ አጽንዖት ቃልን ከቃል የማይለይ ደካማ ነገር ስለሆነ አጻጻፉ ምልክት አላበጀለትም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ለአገሩ ትምህርት እንግዳ አይደለም። የንባብ ቤት መምህራን የግእዝ ቃል ሲነበብ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ በሚሉ ስሞች ለይተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በዚያው ቤት ተማሪው በመጀመሪያ ፊደልን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ቃሉን ገጥሞ ያነባል። ቆጠራው ደረጃ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ በቆጠራ የቀረ ተማሪ አነበበ አይባልም። ረጅሙን የአካል ስያሜ በሰረዝ ከፋፍሎ የሚተው መመሪያ ግን ተማሪውን በቆጠራው ደረጃ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

7. የጎረቤት ቋንቋዎች ምስክርነት

እዚህ የታየው ሕግ የአማርኛ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል፤ ለሁሉም አንድ ነው ማለትም እንዲሁ። «ስ» የሚመራውን ክምችት ከፊት በሚገባ አናባቢ ማቅለል በኦሮምኛው «ኢስፖርቲ» እና በሶማልኛው «ኢስቦርቲ» ላይ ይታያል። በግብፅ አረብኛም ተመሳሳይ የቦታ ክፍፍል እንዳለ ኤለን ብሮስሎ አሳይታለች፤ የእንግሊዝኛው «ስታዲ» (ጥናት) «ኢስታዲ» ሲሆን፣ «ፕላስቲክ» ግን «ቢላስቲክ» ይሆናል። እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪው «እስተርኖ» የብቻው ጉድለት አይደለም፤ ዘመዳቸው የተለያየ ብዙ ቋንቋዎች የሚሄዱበት ጎዳና ነው።

በቃል መጨረሻ ላይ ግን ጎዳናው ይለያያል። አማርኛ «ዐይን» እና «ሰይፍ» ሲል ትግርኛ «ዓይኒ» እና «ሰይፊ» ይላል፤ በመጨረሻ ሁለት ተነባቢ መሸከም አይወድምና። «ኢስፖርቲ» እና «ኢስቦርቲ»ም መጨረሻቸውን በአናባቢ ከፍተዋል። ስለዚህ «ቶይድ» ለአማርኛ አንድ ቀለም ሆኖ ያለ ችግር ሲያልፍ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛ ወይም ለሶማልኛ ተናጋሪ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ የመጡ ተማሪዎች ተቀምጠው ሳለ፣ ለሁሉም አንድ በአማርኛ የተሰመረ ሰረዝ መስጠት የማንንም አንደበት ያላገናዘበ መፍትሔ ነው።

8. ተቃውሞና መልስ

ሰረዙን የሚደግፍ ሰው ጠንካራ ክርክር አለው። ከ«ክላይዶ» በፊት መለየት ትርጉሙን ያሳያል፤ «ስተርኖ»ን አንዴ ለይቶ ያወቀ ተማሪ «ስተርኖሃዮይድ»ን እና «ስተርኖክላቪኩላር»ን ሲያገኝ አይደናገርም። ወሰኑን «ኖክ·ላይ» ብሎ ማሳየት ግን ሁለቱን ምዕላዶች ያደባልቃል። ክርክሩ እውነት ነው። ከእውነትነቱ የሚከተለው ግን ሰረዙ ይቆይ የሚል ሳይሆን፣ የትርጉም ክፍፍልና የንባብ ክፍፍል በሁለት የተለያዩ መስመሮች ይሰጡ የሚል ነው። ትርጉሙን ለማሳየት «ስተርኖ + ክላይዶ + ማስቶይድ» በቂ ነው፤ ስድስት ቁራጭ አያስፈልግም። ንባቡን ለማሳየት ቃሉ ሳይቆረጥ ተጽፎ፣ ብርቱዎቹ ሦስት ቀለሞች «ተር»፣ «ላይ» እና «ማስ» መሆናቸውና የመጨረሻው ከሁሉ እንደሚበረታ ቢነገር በቂ ነው። የእንግሊዝኛው የቀለም ቁጥር ከተፈለገ ፊደሉ ራሱ ይነግራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስያሜውን በአማርኛ ተርጉሞ መገላገል ይቻላል የሚል ነው። ትርጉም ለሕመምተኛውና ለሕዝብ ትምህርት አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና ተማሪው ከመጽሐፉ፣ ከሥራ ባልደረባውና ከውጭ አገር ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው በእንግሊዝኛው ስያሜ እስከሆነ ድረስ፣ የትርጉም መኖር የንባብን ጥያቄ አያስቀርም።

9. ማጠቃለያ

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የፍርድ ጉዳይ ነው። በቃል ፈተና ላይ «ክሌይዶ» ያለ ተማሪና «እስተርኖ» ያለ ተማሪ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም። የመጀመሪያው የግሪክ ምንጭ ያላቸው ቃላት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነበቡ ገና አልተማረም፤ ቢታረም ይጠቀማል። ሁለተኛው ስያሜውን አውቋል፤ የተሰማው ያፍ መፍቻ ቋንቋው የቀለም ሕግ ነው። «ኖ-ክ(እ)ላይ» ያለው ሦስተኛው ተማሪ ደግሞ የተሰጠውን መመሪያ በታማኝነት የተከተለ ነው፤ ስሕተቱ የመመሪያው እንጂ የእርሱ አይደለም። ሦስቱን ሳይለይ «አነባበቡ ተበላሸ» ብሎ ነጥብ የሚቀንስ ፈታኝ እውቀትን ሳይሆን ያፍ መፍቻ ቋንቋን ይለካል።

የሥነ ልሳን ባለሙያ እዚህ ላይ ሥራ አለው። በየአገሩ ቋንቋ የትኛው ድምፅ ከሕግ፣ የትኛው ካለማወቅ፣ የትኛውስ ከመጥፎ መመሪያ እንደሚመጣ ለይቶ ለመምህሩ ማስረዳት ይችላል። የአንገቱ ጡንቻ ሦስት አጥንቶችን አያይዞ ራስን በቦታው ያቆማል፤ ስሙም ሦስት ክፍሎችን አያይዞ ይቆማል። ክፍሎቹን ማወቅ ለመረዳት ነው፤ ሲነገር ግን ስሙ በአንድ ትንፋሽ መውጣት አለበት።